አሮጌው መጋዝ መሰናበት ያለበት መቼ ነው?

ሻሸመኔ የእንጨት ከተማ ናት። የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳ፣ የባሌና የወላይታ መንገዶች የሚገናኙባት በመሆኗ ከሙኔሳ ደን የሚወርደው የፈረንጅ ጽድ እዚሁ ይሰነጠቃል፤ አልጋና ቁም ሳጥን ሆኖም በአይሱዙ ተጭኖ ይወጣል። በየእንጨት ቤቱ ታዲያ አንድ የከረመ ክብ መጋዝ አይጠፋም። ቤት የሠራ፣ ልጅ ያስተማረ ማሽን ነው። ባለቤቱ ድምፁን ሰምቶ ብቻ ኩሽኔታው መድረቁን ያውቃል። እንዲህ ያለውን ማሽን «በቃ፣ ተወው» ማለት ቀላል አይደለም። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለዚሁ ነው።

ፋብሪካ የሸጠው ዕቃ አደገኛ ሆኖ ሲገኝ በራሱ ወጪ እንዲጠግነው ወይም መልሶ እንዲረከበው የሚደረግበት አሠራር አለ። «ሪኮል» ይባላል፤ በመኪና በኩል ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። በእንጨት መጋዝ በኩል ከሚታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የተደረገው ነው። ኤመርሰን የሠራቸው፣ ሲርስ ደግሞ «ክራፍትስማን» በሚል ስም ከ1958 እስከ 1992 የሸጣቸው 3.7 ሚሊዮን ገደማ መጋዞች ተጠሩ። ልብ በሉ፣ አንዳንዱ መጋዝ ጥሪው ሲመጣ 42 ዓመት ሞልቶታል!

የማሽኑ ሞተርና ዲስክ ከጠረጴዛው በላይ በተዘረጋ ክንድ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ሠራተኛው እጀታውን ይዞ ወደ ራሱ እየሳበ ይቆርጣል። ችግሩ ዲስኩ ራሱ በሚዞርበት አቅጣጫ እንጨቱ ላይ እየወጣ ወደ ሠራተኛው መሮጥ ይፈልጋል። መከለያው ደግሞ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም ነበር። ከ300 በላይ የጉዳት ሪፖርቶች ቀረቡ። እጅና ጣት የተቆረጠባቸው፣ አጥንታቸው የተሰበረ ነበሩ፤ የተስፈነጠረ እንጨት ጭንቅላቱን መትቶት የሞተም ሰው አለ።

መፍትሔው በሁለት ተከፈለ። አዲስ ሙሉ መከለያ ለሚገጥምለት ሞዴል መከለያው በነፃ ይላካል። ለማይገጥምለት ግን ባለቤቱ ሞተሩ ያለበትን ክፍል ፈትቶ ሲመልስ 100 ዶላር ይከፈለዋል። የሚያመው እዚህ ላይ ነው። ከአባቱ መጋዝ የወረሰ ሰው የማሽኑን ልብ አውጥቶ በፖስታ ሊልክ ነው። እኛ ግን አሠራሩ ልክ ነበር እንላለን፤ ዋናው ክፍል ካልተመለሰ ያው መጋዝ ሌላ ሰው ቤት ሄዶ መነሳቱ አይቀርም።

ነገሩ የድሮ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጉ ተንሸራታች መጋዞች የኋላ መከለያቸው እየተሰበረና እየወለቀ ስላስቸገረ ተጠርተዋል። አብዛኞቹ ዲዎልት ናቸው፤ ሞዴላቸውም ዲ ደብልዩ ኤስ 779፣ ዲ ደብልዩ ኤስ 780 እና ዲ ኤች ኤስ 790 ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ ካለ ጽሑፉን አዙራችሁ እዩ።

ወደ እኛው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ጠረጴዛው ብረታ ብረት ቤት የተበየደ፣ ሞተሩ ከሌላ ማሽን የተነቀለ፣ ቺንጋውም ከገበያ የተገዛ መጋዝ ስምም ሞዴልም የለውም። ፋብሪካ የለውምና ማንም አይጠራውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤና እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ለብቻው የሚሠራ አናጢ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ ነው፤ ጥሪውንም ራሱ ማድረግ አለበት።

ታዲያ ምኑን ይመልከት? መጀመሪያ ከዲስኩ ኋላ የምትቆመውን ስስ ብረት ይፈልግ። አብዛኛው የተበየደ መጋዝ የላትም። የተሰነጠቀው እንጨት መልሶ ዲስኩን ሲጨብጥ የኋለኛው ጥርስ ያነሳውና ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። ባህር ዛፍ በዚህ የታወቀ ነው፤ ውስጡ የታመቀ ኃይል ስላለው ገና ሲሰነጠቅ ይጣመማል። ብረቷ ከዲስኩ አካል ወፈር፣ ዲስኩ ከሚከፍተው መንገድ ደግሞ ሳሳ ማለት አለባት። ከዲስኩ ጥርስ የምትርቀውም ከ8 ሚሊሜትር ባይበልጥ ነው። ከዲስኩ በላይ ያለውን መከለያ ማንኛውም ጥሩ በያጅ ከላሜራ ይሠራዋል። የመጨረሻውን 30 ሳንቲሜትር በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት መግፋት ነው። ጓንት ደግሞ አይደረግም፤ ዲስኩ ጓንቱን ከያዘ እጅንም ይዞ ይገባል።

ቀጥሎ መብራት። መብራት ሄዶ ሲመለስ መጋዙ በራሱ የሚነሳ ከሆነ፣ ዲስኩ ላይ የተጣበቀውን እንጨት የሚያላቅቅ ሰው እጁ እዚያው ነው። ኮንታክተር ያለው ማብሪያ ቢገጠምለት ማሽኑ ሰው እስኪጫነው ድረስ አይነሳም። ይህ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀላል ሥራ ነው።

እነዚህ የሚገጠሙ ከሆኑ መጋዙ ይቆይ። መሃል ዘንጉ የሚወዛወዝ፣ ጠረጴዛው የተሰነጠቀ፣ ዲስኩን እንኳ ሳይነካ ድምፁ የሚቀያየር ማሽን ግን ተሰናባች ነው፤ ኩሽኔታ እየቀያየሩ ማስታመሙ አያዋጣም።

ስንብቱም ወግ አለው። እንዳለ ለሌላ አናጢ መሸጥ አደጋውን አብሮ መሸጥ ነው፤ በርካሽ የሚገዛው ደግሞ ገና ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። ሞተሩ ጥፋት የለበትም፤ ደህና ከሆነ ተነቅሎ ለሌላ ሥራ ይዋል። ዲስኩና ዘንጉ ይለያዩ፣ ዲስኩ የሚወጣበት የጠረጴዛው ክፍል በግራይንደር ይቆረጥ። የቀረው በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌው ይሰጥ።