«ስንት ሰዓት አለህ?»፦ የጎጃም እግርና የሩጫ ሰዓት

ከጎጃም ተነስቶ ሯጭ ለመሆን አዲስ አበባ የገባ ልጅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የምታጋጥመው አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ስንት ሰዓት አለህ?» የምትል። ጠያቂው የእጅ ሰዓቱን ቤት ረስቶ አይደለም። «አምስት ሺህ ሜትሩን፣ አሥር ሺህ ሜትሩን በስንት ትገባለህ?» ማለቱ ነው። በሯጮች ቋንቋ ሰዓት «ይኖርሃል»፤ ሰዓት «ታሻሽላለህ»፤ ክለብ ለመግባት ደግሞ ሚኒማ «ታመጣለህ»። ሰዓት የሌለው ሯጭ መታወቂያ እንደሌለው መንገደኛ ነው፤ ቢሮጥም አይቆጠርለትም። የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ ወይም የሰከላ ልጅ ታዲያ ከብት ሲያግድ፣ ትምህርት ቤት ሲመላለስ፣ ገበያ ሲላክ ሲሮጥ አድጎ ለዚህች ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም። እግር አለው፤ ሰዓት የለውም።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ሰዓቱ እንዴት ወደ እግራችን እንደመጣና ጎጃም ገጠር ድረስ ለምን እንዳልዘለቀ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን የፈለገ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንስ።)

በድሮ ጊዜ እኮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ሰዓት ነበር በእግር የሚለካው። ቀሳውስቱ ፀሐይ ላይ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ የጸሎቱንና የጾሙን ሰዓት ያውቁ ነበር። በየወሩ ስንት እግር ጥላ ስንተኛው ሰዓት እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥ በግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ርቀትም ቢሆን የሚነገረው በጊዜ ነበር። «ገበያው ሩቅ ነው?» ብላችሁ ገበሬ ብትጠይቁ «ጠዋት ብትነሱ ለምሳ ትደርሳላችሁ» ይላችኋል፤ ዛሬም ይላችኋል። መልሱ ትክክል ነው፤ ችግሩ በማን እግር እንደሆነ አለመናገሩ ብቻ ነው። ፈጣን መልእክተኛ ይደነቅ ነበር፣ ይሸለምም ይሆናል፤ ነገር ግን ባለፈው ወር ከደረሰበት ዘንድሮ በስንት ደቂቃ ቀደመ ብሎ የሚጽፍለት አልነበረም። ጽሕፈቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ደቂቃው የማንም ጉዳይ ስላልነበረ ነው።

ደቂቃን ጉዳዩ ያደረገው መጀመሪያ ወታደር ነው። ኦኒ ኒስካነን የሚባለው ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1946 አገራችን ገብቶ ከክብር ዘበኛ ጋር ሲሠራ ለምልምሎቹ ካመጣላቸው ነገሮች ዋናው፣ እንደኔ እንደኔ፣ የአሠለጣጠን ሳይንስ አይደለም፤ በእጁ የያዘው የሩጫ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሄድ ማሞ ወልዴ በ800ና በ1500 ሜትር ተሰልፎ ከማጣሪያው አላለፈም። ያው ማሞ በ1968 ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ እንደሚያጠልቅ በዚያን ቀን ማን ይገምት ነበር?

የአበበ ቢቂላን ነገር ሁላችንም በባዶ እግሩ እናስታውሰዋለን። በባዶ እግር መሮጡን ግን ያኔ ገጠር ያለ ሰው ሁሉ ይችለው ነበር። እኔን የሚደንቀኝ ሌላ ነው። አበበ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1960 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሲሮጥ የገባው በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነበር። በነሐሴ፣ ማለትም ከአንድ ወር በኋላ፣ እዚያው አዲስ አበባ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ። ጳጉሜን 5 ቀን (በእነሱ መስከረም 10) ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ እ.ኤ.አ. በ1958 ካስመዘገበው የዓለም ምርጥ ሰዓት ያነሰው በአንዲት ሰከንድ ግድም ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈው፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ።

እስቲ ቁጥሮቹን እንቀንስ። መጀመሪያ 18 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 6 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 3 ደቂቃ። የአዲስ አበባው መንገድ ምን ያህል በትክክል እንደተለካ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ከፍታውም የሮምና የአዲስ አበባ አይመሳሰልም። ቢሆንም ይህ ቅርጽ በሩጫ ለተለማመደ ሁሉ የታወቀ ነው። ሰዓት መጀመሪያ ላይ በብዙ ይወድቃል፤ እየቆየ በጥቂቱ፤ በመጨረሻ አንዲት ሰከንድ ለመቀነስ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ሰዓቱ ፈጽሞ ያልተለካለት ልጅ የሚያመልጠው ያ የመጀመሪያው ትልቁ ክፍል ነው፤ ይኸውም «ለካ እችላለሁ» የሚያሰኘው። አበበ በ39 ደቂቃው ቀን የሚለካው ባይኖር ኖሮ ደህና ወታደር ሆኖ ጡረታ ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ አበበ አማተር ነበር። በኦሊምፒኩ ሕግ በሩጫ ገንዘብ መቀበል ክልክል ስለነበር የሚበላው የወታደር ደሞዙን ነው።

ወታደር ቤት ሰዓቱን አመጣ። ከወታደር ቤት ውጭስ ማን ያዘው? ዝነኛዋን በቆጂን ውሰዱ። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከአንዲት የአርሲ ከተማ የወጡበትን ምክንያት ፈረንጆቹ አንዴ በከፍታው፣ አንዴ በገብሱ፣ አንዴ በደሙ ሲተነትኑ ኖረዋል። ከፍታው እውነት ነው፤ በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ነች። ግን ሰከላስ? ቡሬና ጃቢ ጠህናን የሚያዋስኗት፣ የአባይ ምንጭ ያለባት ሰከላ ግሽ አባይ ላይ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። ገብሱም አለ፣ ድንቹም አለ፣ ተራራውም አለ። በቆጂ የነበራትና ሰከላ ያላገኘችው የስፖርት መምህሩን ሰንታየሁ እሸቱን ነው። ፊሽካ የያዘ፣ ልጆቹን በተወሰነ ቀንና በተወሰነ ቦታ የሚሰበስብ፣ ማን ካለፈው እንደተሻለ የሚያይ አንድ ሰው። እኔ የተማርኩበት የገጠር ትምህርት ቤት ፊሽካውስ ነበረ፤ የሚነፋው ግን ሰልፍ እንድንገባ ነበር።

ሰከላ ሯጭ አላፈራችም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 2009 በርሊን ላይ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ነበር። የመጨረሻው መቶ ሜትር ላይ የደብረ ማርቆሷ ልጅ መሰለች መልካሙ ትመራለች። መስመሩ ሊደርስ ሲል እጆቿን ለደስታ አነሳች። ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ከጎኗ ተወርውራ ቀደመቻት። ማሳይ 30 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ከ24፣ መሰለች 30 ከ51 ከ34። ልዩነቱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው፤ ዓይን እንኳ አይጨፈንበትም። ሦስተኛዋስ? ውዴ አያሌው፣ 30 ከ51 ከ95። የተወለደችው ሰከላ ነው። በዚያ ምሽት ከዓለም ሦስት ምርጦች ሁለቱ የጎጃም ልጆች ነበሩ፤ ሦስቱም የገቡት አንድ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። መሰለች በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሆላንድ ዩትሬክት 29 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ከ80 ሮጣ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። እንግዲህ የጎጃም እግር ይችላል ወይ የሚለው ክርክር በርሊን ላይ ተዘግቷል። ያልተዘጋው፣ እዚያ ያልደረሱት ስንት ናቸው የሚለው ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ሻምፒዮን ሳይሆን ስለ ተራ ሰው ላውራ። በርሊን የሚደርሱት ጥቂት ናቸው፤ ሰዓት የሚያስፈልገው ግን ለእነሱ ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2004 ለንደን አጠገብ ቡሺ ፓርክ በሚባል ቦታ 13 ሰዎች ተሰብስበው 5 ኪሎ ሜትር ሮጡ። የጠራቸው ፖል ሲንተን ሂዊት የሚባል ሰው ነው። ክፍያ የለም፣ ሽልማት የለም፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ያው ቦታ፣ ያው ርቀት። ሰዓቱ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ይጻፍ ነበር። ለገቢዎቹ በየተራቸው የሚሰጠው ቁጥር ምን ላይ እንደተመታ ታውቃላችሁ? ሮንዴላ ላይ። አዎ፣ ከቡሎን ሥር የምትገባው ሮንዴላ! ዛሬ ያ ነገር ፓርክራን ተብሎ ከሃያ በላይ አገሮች ደርሷል፤ ደቡብ አፍሪካና ናሚቢያም አሉበት። የአበበ አገር የለችበትም። እዚያ የሚሮጠው የባንክ ሠራተኛ ነው፣ ነርስ ናት፣ ጡረተኛ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በ34 ደቂቃ ገብቶ ዛሬ በ33 ከገባ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎት ይሰነብታል፤ የሚሻማው ከኬንያ ጋር ሳይሆን ካለፈው ቅዳሜ ራሱ ጋር ነው። ለነገሩ እ.ኤ.አ. በ2024 አዘጋጆቹ የፈጣኖችን ዝርዝር ከድረ ገጻቸው አንስተዋል፤ ዘገምተኛውን ያስፈራል ብለው። የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሰዓት ግን አልተነሳም። ልክ ያደረጉ ይመስለኛል።

እኛስ ጋ? ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሥር ሺህ ሰው ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ደስ የሚል በዓል ነው፤ ግን በዓል ነው። በዓመት አንዴ፣ አዲስ አበባ፤ አብዛኛውም ሰው የሚወጣው ሊጨፍርና ሊዘፍን እንጂ ሰዓቱን ሊያውቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መኪናውን አስቁሞ ሰውን አስፋልት ላይ አወጣ። በክልል ከተሞቻችንም እሁድ ጠዋት ማስ ስፖርት የሚባል ነገር ነበረ፤ ባለሥልጣኑ ከፊት፣ ሠራተኛው ከኋላ፣ ሞንታርቦው ከጎን። ላቡ ጥሩ ነው፤ ቁጥር ግን አይወጣውም። ማን ከባለፈው ተሻለ ብትሉ የሚያውቅ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ በእኛ ባህል ለሳምንታዊ ሩጫ የሚመች አለ። ማይክል ክሮውሊ የተባለ ብሪታኒያዊ አንትሮፖሎጂስት አገራችን አንድ ዓመት ከምናምን ከሯጮች ጋር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አወጣ። ካስገረሙት ነገሮች አንዱ የእኛ ሯጮች ብቻቸውን መሮጥን እንደ ስልጠና አለመቁጠራቸው ነው፤ ብቻ መሮጥ ለጤና ነው፣ ለለውጥ ግን ከሰው ጋር ነው ይላሉ። ፈረንጁ ለማኅበር ሲል ፓርክራንን መፍጠር ነበረበት። ጎጃሜ ግን አጨዳውንም፣ ቤት መሥራቱንም ሲያዋጣው የኖረው በወንፈልና በደቦ ነው። ማኅበሩ አለ፤ የጎደለው ሰዓቱ ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በእነ ባሕር ዳርና ጎንደር ሰዓት እላፊ ተጣለ። በዚያው ወር ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ድብደባ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ሯጭ የሚወጣው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ መንገዱ ባዶ ሲሆን። ጦርነት ባለበት አገር ጎህ ሳይቀድ በባዶ መንገድ ላይ የሚሮጥ ወጣት ምን እንደሚመስል ለማንም መንገር አያስፈልግም። የከተማዋ ስም ትርጉም «የሰላም መንገድ» ነው። በዚህ ላይ ቃላት መጫወት አልፈልግም።

ቀኑ ሲመጣ ግን (ሲመጣ ነው የምለው) የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። በዓለም የጎዳና ውድድሮች የሚለኩት እስከ ዛሬ በብስክሌት ጎማ ነው፤ የዙሩን ብዛት የሚቆጥር መሣሪያ ከፊት ጎማው ጋር ይታሰራል። ከቡሬ ወጣ ብሎ መኪና የማይበዛበት ፒስታ መንገድ ይመረጥ። የብስክሌቱ ጎማ አንድ ዙር 2 ሜትር ከ10 ሳንቲም ቢሆን 5 ኪሎ ሜትር 2,381 ዙር ነው። ጎማው ላይ ቀይ ክር አስሮ የሚቆጥር ሁለት ልጅ፣ እንዳይሳሳቱ ደግሞ ሌላ ሁለት ልጅ። ሰዓቱ በየሰው ስልክ ውስጥ አለ። ሮንዴላ ከጋራዥ ይለመናል። ደብተሩ ባለ መስመር ይሁን፤ በግራ ስም፣ በቀኝ ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ዓምድ። አስቸጋሪው ቀን መምረጡ ነው፤ እሁድ ቅዳሴ አለ፣ ሌላው ቀን ገበያ ነው ወይም እርሻ። እሱን የቡሬ ሰዎች ተሰብስበው ይጨቃጨቁበት።