ከጓሮ ያለ ተራራ

የኪሊማንጃሮን ከፍታ በሜትር ቆጥሮ የሚነግርህ፣ የአማዞንን ጫካ በመጽሐፍ አቋርጦ የጨረሰ፣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ግን አንድ ቀን በእግሩ ያልረገጠ ሰው በከተማችን ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ እኔ ነበርሁ። ሽሮ ሜዳ ተወልጄ አድጌ፣ ማለዳ መስኮት ስከፍት ፊት ለፊት የማየው እንጦጦን ሆኖ ሳለ፣ ጎልማሳ እስክሆን ድረስ ለሽርሽር ብዬ የወጣሁበት ቀን አልነበረም። አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚሉት ለእኔ ቢጤው ነው።

ለመሸሼ ግን ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እንጦጦ ለእኛ ቤት መናፈሻ አልነበረም፤ የእናቴ መሥሪያ ቤት ነበር። እኔንና ታናናሾቼን ያሳደገችን ከዚያ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ እየወረደች ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ወጥታ ከቀትር በኋላ ስትመለስ፣ ሸክሟን ከደጃፍ ጥላ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ለማቅናት ስትታገል አያት ነበር። የእናቱን ጀርባ ያጎበጠ ተራራ ለልጅ ውብ ሆኖ አይታየውም።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ አንድ እሑድ፣ እናቴ «እንጦጦ ማርያምን ሳልሳለም ቆየሁ፤ አድርሰኝ» አለችኝ። ዛሬ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ሸክም ከተወች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ዳገቱን በታክሲ ወጣን። ተሳልማ እስክትመለስ እኔ ከአንድ ያረጀ ጽድ ሥር ቆሜ ከተማይቱን ቁልቁል ስመለከት፣ በትምህርት ቤት ያነበብሁት ታሪክ ሁሉ ከእግሬ በታች ተዘርግቶ አየሁት።

የዛሬይቱ አዲስ አበባ እናቷ ይህ ተራራ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ ዓ.ም.፣ ከአንኮበር ተነሥተው ወደዚህ መጡና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከዚህ ጫፍ ሠፈሩ። ለጦር ሰው ቦታው ተመራጭ ነው፤ የሚመጣው ሁሉ ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን ክፉ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ነፋሱ ድንኳን ይነቅላል፤ ማገዶውም እያደር ራቀ። በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ለሐረር ዘመቻ በሄዱበት ወቅት እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ፣ ኦሮሞው ፊንፊኔ ከሚለው የፍል ውሃ ሜዳ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ሥፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ሠፈሩ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። እንጦጦ ግን ወዲያው አልተረሳም፤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው።

ቀደም ባለው ዘመን የነገሥታቱ መናገሻ እንደ ድንኳን ይነቀል የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሠራዊቱና አገልጋዩ በሺሕ ተቆጥሮ አንድ ቦታ ሲሰፍር፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዙሪያውን ያለው ደን ወደ ምድጃ ይገባል፤ ደኑ ሲያልቅ ከተማው ይነሣል። የአዲስ አበባም ዕጣ ይኸው ሊሆን ነበር። የአካባቢው ጽድና ወይራ ለምሰሶና ለማገዶ ተቆርጦ ሳሳ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቀው ሌላ ከተማ ማሠራት ጀመሩ፤ ስሙን አዲስ ዓለም አሉት። ይሁንና መናገሻው ሳይዛወር ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሥፍራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን ካለችበት ካጸኗት ነገሮች ዋነኛው አንድ መጻተኛ ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ዘሩ ከባሕር ማዶ መጣ፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ሕዝቡም ስሙን በአንድ ቃል ገላገለው፤ ባሕር ዛፍ። በቆሎን የባሕር ማሽላ ብሎ የሰየመ ሕዝብ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ሁሉ እንዴት እንደሚጠራ ያውቅበታል። ዛፉ በጥቂት ዓመት ለመቆረጥ ይደርሳል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት ቅጠሉን አይበላውም። ለቤት ግድግዳ፣ ለአጥር፣ ለምጣድ፣ ጉንፋን ለያዘው ሰው መታጠኛ ሳይቀር ሆነ። በ1905 ዓ.ም. ውሃ ያደርቃል ተብሎ ብዙው ተነቅሎ በሌላ ዛፍ እንዲተካ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። ከተማይቱ ያለ ባሕር ዛፍ እንጀራ መጋገር እንደማትችል ከአዋጁ በፊት ታውቋልና።

እዚህ ላይ የታሪክ መጽሐፎቻችን ያቆማሉ። ንጉሡ መጡ፤ እቴጌይቱ ወረዱ፤ ዛፉ ተተከለ። ነገር ግን ዛፍ በራሱ እግር ወደ ምድጃ አይሄድም። ከዚያ ዳገት ወደ ከተማይቱ ወጥ ቤቶች ከወረደው ማገዶ ብዙው የወረደው በሴቶች ጀርባ ነው። የአንዲቱ ሸክም ከ30 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ አንዳንዴም የተሸካሚዋን የራሷን ክብደት ይደርሳል። ከትውልድ ወደ ትውልድ የከተማይቱን እንጀራ ያበሰሉት እነዚህ ሴቶች ሐውልት ቀርቶ በታሪክ ምዕራፍ ግርጌ አንዲት መስመር እንኳ አልተጻፈላቸውም ቢባል ከእውነት አይርቅም። እኔም ብሆን፣ ከአንዷ ማሕፀን የወጣሁት ልጅ፣ ስለ ዐድዋ መቶ ጊዜ አንብቤ እናቴን ግን «በየት በኩል ነበር የምትወጪው?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ጠየቅኋት።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥታ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ታክሲው በመሄድ ፈንታ በጫካው ጠርዝ ያለችውን ቀጭን መንገድ ያዘች። እኔ በልጅነቴ የማውቀው ዛፍ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ባሕር ዛፍ። እርሷ ግን በየእርምጃዋ ትጠራቸው ጀመር። ይህ ቀጋ ነው፤ ፍሬው ሲቀላ ይበላል። ይህ አስታ ነው። ያ ከገደሉ አፋፍ ያለው ኮሶ ነው። «እግርህን አንሣ፤ ጦስኝ ረግጠሃል» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን በጣቴ ባሸው፣ ከልጅነቴ የማውቀው የቤታችን ሻይ ሽታ ሽቅብ መጣ። ጦስኙን ከየት ታመጣው እንደነበረ ያወቅሁት ገና ያኔ ነው።

ከተራራው ጀርባ በኩል ስንደርስ ቆመች። «ውሃው የሚለያየው እዚህ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንጦጦ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ድንበር ነው። በደቡቡ ትከሻ የወረደው ዝናብ በቀበናና በመሰሎቿ ወንዞች ከተማይቱን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ፣ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በሰሜኑ ትከሻ የወረደው ደግሞ በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ በሙገር በኩል ዐባይን ይቀላቀላል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች በአንዲት ስንዝር ልዩነት አንዱ በረሃ ይቀራል፤ ሌላው ባሕር ይገባል። እናቴ ይህን በካርታ አላየችውም። በክረምት ሸክሟን አዝላ ስትወርድ ጎርፉ በየትኛው ወገን እንደሚያዳልጣት ስለምታውቅ ነው።

«እማዬ፣ ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽው?» አልኋት።

«ጎንብሶ የሚሄድ ሰው ምን ሌላ ያያል ልጄ? መሬት መሬቱን ነው» አለችኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለ ተፈጥሮ ፍቅር የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ቀና ብለው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ይኸው እጽፋለሁ። ቦታውን ግን አንድ በአንድ የሚያውቁት የጎነበሱት ናቸው። ዕውቀታቸው በድካም የተገዛ ነውና ድካሙን እያወደሱ ዕውቀቱን ማድነቅ ነውር ይሆናል። ዕውቀቱን ከድካሙ ጋር መቅበር ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው።

ተራራው ዛሬ እየተለወጠ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በምዕራቡ በኩል የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር ላይ ተቋቁሞ ጽዱንና ወይራውን መልሶ ማልማት ይዟል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ለጎብኚ ተከፍቷል። አትሌቶቻችን ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ሳንባቸውን ያሰፉበት ዳገት ዛሬ የወጣቶች መዝናኛም ሆኗል። መልካም ነው። ደን መትከልም ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ በወጨጫ ተራራ የሚገኘውን የመናገሻ ሱባ ደን ጽዱን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) እንደሆኑ ይተረካል፤ ችግኙም የመጣው ከወፍ ዋሻ ነው ይባላል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የዛፉን ስም የሚነግረን ሰሌዳ ሲተከል፣ ስሙን በአፏ የያዘችው ሴት ሳትጠየቅ እንዳታልፍ እሰጋለሁ።

በመመለሻችን ታክሲ አልያዝንም። «ቁልቁለቱን በእግሬ ልውረድ» ብላ እንቢ አለች። በየመታጠፊያው ቆም እያለች ሸክማቸውን ያሳርፉበት የነበረውን ድንጋይ ታሳየኝ ነበር። አንዱ ድንጋይ ከገመድና ከጭነት ብዛት ጫፉ ለስልሷል። እናቴ በመዳፏ ዳበሰችው፤ ምንም አላለችም። ከዚያ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጀርባዋ ላይ አንዳች ሳይኖር፣ በአደይ አበባው መካከል ቀስ እያለች ወረደች። በዚያ መንገድ ባዶዋን ስትወርድ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የሩቁን አገር መመኘት አይከለከልም። ነገር ግን በደጅህ ያለውን ኮረብታ፣ በሠፈርህ ሥር የሚያልፈውን ወንዝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ ቅጽር የቆመውን አሮጌ ዛፍ አንድ ቀን ለመጠየቅ ሂድ። ብቻህን ግን አትሂድ። በዚያ መንገድ ጎንብሶ የሄደ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ይዘህ ውጣ፤ የዕፅዋቱንም ስም ጠይቃቸው። እኔ ዘግይቼም ቢሆን ጀምሬአለሁ፤ እናቴ የነገረችኝ ስሞች በደብተሬ 23 ደርሰዋል። ለቀሪዎቹ የፊታችን እሑድ እንወጣለን።

ቸር ያሰንብተን።