የማን ልጅ ነህ?

«የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ያልተጠየቀ ኢትዮጵያዊ የሚኖር አይመስለኝም። ለቅሶ ቤት አጠገባችን የተቀመጡ እናት ጠጋ ብለው ይጠይቁናል፤ ባላገር የወረድን እንደሆነ ደግሞ ጠላው ሳይቀዳ ይኸው ጥያቄ ይቀርባል። ጠያቂው የእኛን ስም የፈለገ አይደለም። «የእገሌ ልጅ ነኝ» ስንል «የትኛው እገሌ? የቆላው ነው የደጋው?» ይባላል። ቀጥሎ «እናትህስ የማን ልጅ ናት?» ይመጣል። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ታዲያ «በል ሳመኝ፤ እኔና አንተ እኮ የሥጋ ዘመዶች ነን!» ይባልና ምርመራው ይዘጋል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ይህን ሁሉ ድካም በአንዲት ሣጥን ገላግሎታል። ፎርሙ ላይ «የቤተሰብ ስም» የምትል ቦታ አለች። እዚያ የሚሞላው ቃል አባትን፣ ልጆችን፣ አብዛኛውን ጊዜም ሚስትን በአንድ ገመድ ያስራል። እኛ እዚያች ሣጥን ላይ ስንደርስ እስክሪብቷችን ይቆማል። የአባቴን ልጻፍ? የአያቴን? የቱንም ብንጽፍ የቤተሰብ ስም አይደለም። የአንድ ሰው ስም ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሞተ ሰው።

እኔ በምኖርበት በወሎ ሰፈር ይህ ጣጣ በየክረምቱ ከእንግዶች ጋር ይመጣል። ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ስማቸውን አላነሳም፤ ለነገሩ እንዲመቸን አቶ ከበደ እንበላቸው። አሜሪካ ያለው ልጃቸውን ታደሰ፣ እዚያ የተወለደውን የልጅ ልጅ ደግሞ ናሆም እንበል። ታደሰ አሜሪካ ሲገባ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ታደሰ ከበደ» ነው። ስለዚህ በአገሩ ልማድ «ከበደ» የቤተሰብ ስሙ ሆነ። ልጅ ሲወለድም ሆስፒታሉ ያለ አንዳች ክፋት «ናሆም ከበደ» ብሎ መዘገበ። ታደሰ የሚባለው አባት ከልጁ ስም ውስጥ እንደ ጉም በነነ። ልጁ ክረምቱን እዚህ ሊያሳልፍ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ስሙን ሰምቶ የአቶ ከበደ የመጨረሻ ልጅ አድርጎ ወሰደው። በእኛ ስሌት እኮ አባትና ልጅ ወንድማማቾች ሆነዋል!

«መምህር፣ በስተርጅና ወለድኩ» አሉኝ አቶ ከበደ እየሳቁ። ደስታቸው ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ስማቸው ውቅያኖስ ተሻግሮ ይጠራላቸዋልና።

ባለቤታቸው ቡና እየቀዱ ሰምተው ኖሮ «የእሱ እንኳ አንዱ ጋ ተገኘ፤ የእኔ አባት ስም የት ደረሰ?» አሉ። እኔም ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ እንጂ መልስ አልሰጠኋቸውም።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አልነበሩም። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 አገሪቱን ሲይዙ ብዙው ሰው በአንድ ስም ይጠራ ነበር። «የጆን ልጅ ዊሊያም» ማለት ልክ እንደኛ የዚያ ሰው አባት ጆን ነው ማለት ነው። ቀስ በቀስ መሬቱን፣ ግብሩንና ፍርድ ቤቱን የሚመዘግቡ ጸሐፊዎች በረከቱ። ስምም በወረቀት ላይ ረጋ። እ.ኤ.አ. 1400 አካባቢ ሲደረስ አብዛኛው እንግሊዛዊ ቋሚ የቤተሰብ ስም ነበረው። የጆን ልጅ የዊሊያም ልጅ፣ የእሱም ልጅ፣ አባቱ ማንም ይሁን ማን «ጆንሰን» ሆኖ ቀረ። ሌላው ከሙያው ወሰደ፤ ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ፣ ቴይለር ማለት ልብስ ሰፊ ነው። (በነገራችን ላይ እኛ ዘንድ «ቀጥቃጭ» አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ፣ ከከለከሉም በኋላ፣ ስድብ ነበር። በዚያ አገር ቀጥቃጭነት በኩራት ከሚጠሩት ስሞች ሁሉ የበዛው መሆኑ አንዳንዴ ያስቀናኛል።) ዌልሶች ብዙ ቆዩ። «አፕ» በሚል ቃል አባትን፣ አያትን፣ ቅድመ አያትን እያስከተሉ ይቆጥሩ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ሕግና ፍርድ ቤት ሲሠለጥንባቸው ግን የእነሱም ሰንሰለት እየተበጠሰ ሄደ። «አፕ ሪስ» ፕራይስ፣ «አፕ ሃወል» ፖወል ሆኖ ደረቀ።

እኛስ ለምን ሳንደርቅ ቀረን? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ጸሐፊና መዝገብ ስላልነበረን ነው የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። እኔ ግን ዋናውን ምክንያት የምፈልገው መሬቱ ላይ ነው። በእንግሊዝ ርስት በአብዛኛው ለበኩር ወንድ ልጅ ይተላለፍ ነበር፤ ይህ የውርስ ሥርዓት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። መሬት በአንድ የወንድ መስመር የሚወርድ ከሆነ፣ ስምም በዚያው መስመር ቢወርድ ያምርበታል። በጎጃምና በጎንደር የነበረው ርስት ግን በአባትም በእናትም ይቆጠራል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን በሰፊው ዘርዝሮታል። ባለ ርስት ነኝ የሚል ሰው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት መውረዱን ማስረዳት አለበት። መውረጃው በአያቱ እናት በኩል ሊሆን ይችላል፤ በአባቱ አያት እኅት በኩልም ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው እንዲህ በብዙ አቅጣጫ ይጠይቃል፤ ሁሉም ቦታ ባያገኝም። ለዚህ ሰው አንድ የቤተሰብ ስም ብትሰጡት ምን ያደርግለታል? አንዱን በር ከፍቶ ሌሎቹን ሁሉ ይዘጋበታል እንጂ።

ጋብቻውም እንደዚሁ ነው። እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም በሚባልበት አገር፣ ሁለት ወጣቶች ሲፈላለጉ ሽማግሌ ተቀምጦ በአባትም በእናትም ወገን ይቆጥራል። እንግዲህ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ የወሬ ማሟሻ አልነበረም። መሬት ይገኝበታል፤ ጋብቻ ይፈርስበታል፤ የደም ካሣ ሲከፈልም ማን እንደሚያዋጣ ይታወቅበታል። ዝምድናው የሚኖረው በሰው ቃል ውስጥ ስለነበር ከስም ላይ መለጠፍ አላስፈለገውም።

የሚስትን ነገር ያየን እንደሆነ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። የእንግሊዝ ሕግ ያገባችን ሴት ከባሏ ጋር እንደ አንድ ሰው ስለሚቆጥራት፣ ንብረቷን በራሷ ስም እንድትይዝ በሰፊው የተፈቀደላት እ.ኤ.አ. በ1882 በወጣው ሕግ ነው። አሜሪካዊቱ ሉሲ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1855 አግብታ የአባቷን ስም አልቀይርም በማለቷ ብቻ ታሪክ ሆናለች። እኛ ዘንድ ጣይቱ ምኒልክን አግብታ፣ እቴጌ ተብላም፣ ጣይቱ ብጡል ናት። ይህ ለቤተ መንግሥት ብቻ የተፈቀደ ክብር እንዳይመስለን፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የከፈተ ሰው የበዛብህን ወላጆች የሚያገኛቸው ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ተብለው ነው። ድሆች ናቸው፤ ሚስት ግን የአባቷ ልጅ እንደሆነች አለች። ታዲያ ሴቲቱ ስሟን ስለያዘች ከወንዱ እኩል ነበረች ብሎ የሚፎክር አይጠፋም። የለም! የያዘችው ስም ያው የወንድ ስም ነው፤ ከባሏ ይልቅ የአባቷ መሆኑ ነው። ለልጇም አታወርሰውም። የጎረቤቴ ባለቤት ቡና እየቀዱ የጠየቁት ይህንኑ ነበር።

የወሎን ነገር ካነሳሁ አይቀር አንድ ምሳሌ ልጨምር። የወሎው መሐመድ አሊ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ራስ፣ ንጉሥም ሆኑ። ሃይማኖትና ስም ሲለወጥ «አሊ» ግን ሚካኤል አሊ ሆኖ ቀጠለ። አባት አይለወጥማ! ዛሬም የወሎ ሰው የራሱና የአባቱ ስም ከሁለት ሃይማኖት ሆኖ ስታዩት ስህተት አይደለም። የቤቱን ታሪክ በሁለት ቃል እየነገራችሁ ነው።

እንግሊዞቹ በብዙ መቶ ዓመት የደረሱበትን እኛ በአንድ ጀንበር እንድንደርስበት የተሞከረውም በሕግ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። 3,367 አንቀጽ ያለው ይህ ትልቅ መጽሐፍ፣ ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በአስተዳደር ወረቀት ላይም ይኸው ስም መጀመሪያ እንዲጻፍ ያዛል። ልብ በሉ፣ «ይኑረው» ሳይሆን «አለው» ነው የሚለው። የሌለንን አላችሁ አለን።

ሕጉ የጸናው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። በዋዜማው፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። ዓለም አጨበጨበለትና «ቢቂላ» አለው። ይኸውላችሁ የቤተ ዘመድ ስም! ሮጦ ያሸነፈው አበበ ነው፤ የተጠራው አባቱ ነው። ነገሩ በዚያ አላበቃም። ቪብራም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል ያለውን ጫማ «ቢቂላ» ብሎ ሰየመ፤ የአበበ ቤተሰቦችም በ2007 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ክስ መሠረቱ። ፈረንጆቹ ለጫማቸው የወሰዱት ስም፣ በእኛ ቋንቋ ካነበብነው፣ የሯጩ አባት ስም ነው። ኃይለ ሥላሴን «ሥላሴ» እያሉ የሚጽፉትንማ ተዉአቸው፤ ንጉሡን ከሰማይ አውርደው ነው ወይስ ወደ ሰማይ አውጥተው፣ እሱን የሃይማኖት ሊቃውንት ይፍረዱ።

የፍትሐ ብሔሩ የቤተ ዘመድ ስም ወረቀት ላይ ቀረ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ የሚመለከተው ክፍል ራሱ በሕጉ መጨረሻ ላይ፣ በትእዛዝ እስኪገለጥ ድረስ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። ትእዛዙ ሳይወጣ ንጉሡም ደርግም አለፉ። በመካከሉ ግን ከሕጉ ይልቅ ስማችንን የነካ ሌላ ነገር ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ርስት ቀረ። ጭሰኛው ነፃ በመውጣቱ ማንም አያዝንም፤ እኔም አላዝንም። ይሁን እንጂ የዘር ሐረግ መቁጠር ከዚያ በኋላ እንጀራ የማያበላ ሙያ ሆነ። የዛሬ ተማሪ ከአያቱ በላይ ስም ሲጠየቅ ጣራ ጣራ ያያል። ፓስፖርታችን የሚያልቀው አያት ላይ፣ ዕውቀታችንም የሚያልቀው እዚያው ላይ ነው።

በዚህ ጣጣ ብቻችንን አይደለንም። «ማንዴላ» የኔልሰን ማንዴላ አያት ስም ነው። የራሳቸው ስም ሮሊህላህላ ሲሆን «ኔልሰን»ን ያገኙት ትምህርት ቤት በገቡ በመጀመሪያው ቀን ከአስተማሪያቸው ነው። «ኦባማ»ም እንዲሁ ኬንያ ውስጥ የኖሩ የአንድ የሉኦ ሰው፣ የፕሬዚዳንቱ ቅድመ አያት፣ ስም ነበር። ጋናውያን የተወለዱበትን ቀን ስም ያደርጋሉ፤ ኩዋሜ ቅዳሜ፣ ኮፊ ዓርብ ነው። የቅኝ ገዢው መዝገብ ሲመጣ ግን እነሱም ከወላጆቻቸው ስም አንዱን እየመረጡ እንዲያደርቁት ሆነ። እኛ ቅኝ አልተገዛንም እያልን እንኮራለን፤ ዳሩ ግን ናሆም ከበደን የመዘገበው ወታደር ሳይሆን ፎርም ነው።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ በመሆኔ የምሳሳለት ሌላም ነገር አለ። በአማርኛ የልጅና የአባት ስም አንድ ላይ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ዐረፍተ ነገር ይወጣዋል። የደራሲዎቻችንን ስም እንኳ ብናይ፣ አዳም ረታ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፤ አባት ሲያወጣ ከራሱ ስም ጋር እያስማማ ነው። ልጅ ሞቶበት ሌላ ሲወልድ ምትኩ ይላል፤ ሐዘኑ ሲቀለው ማስረሻ ይላል፤ በአብዮቱ ሰሞን የተወለደው አብዮት ተባለ። እናት ለብቻዋ የምትጠራበት የቤት ስም ይኖራል፤ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን የሚነሡት የክርስትና ስምም አለ፤ ቄሱ ለፍትሐት ሲጠይቁ ቤተሰቡ እርስ በርስ የሚተያይበት። የረጋ የቤተሰብ ስም ይህን ጨዋታ በአንድ ትውልድ ይጨርሰዋል። «ከበደ» ለናሆም ልጅ ልጅ ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው የሚሆንበት።

እርግጥ ነው፣ ውጭ ያሉ ወላጆች ዘዴ አላጡም። አንዳንዱ የራሱን ስም ለልጁ መካከለኛ ስም ያደርጋል። አንዳንዱ የአያትን ትቶ የራሱን ስም መጨረሻ ያስጽፍና የአባትየውና የልጁ የቤተሰብ ስም ስለማይገጥም ለትምህርት ቤቱ ሲያስረዳ ይኖራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የምትንገላታው እናት ናት። የአባቷን ስም እንደያዘች ልጇን ይዛ ድንበር ስትሻገር «ይህ ልጅ ያንቺ ነው?» ትባላለች፤ የወለደችው መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ከቦርሳዋ ታወጣለች።

ያ ወረቀት የልደት የምስክር ወረቀት ነው። አገራችን ከፍትሐ ብሔሩ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይታ በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760ን አወጣች፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ዛሬ ልጅ የወለዱ ባልና ሚስት ወረዳ ሄደው ያስመዘግባሉ። በሚሰጣቸው የምስክር ወረቀት ላይ የልጁ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም ይጻፋል። ዝቅ ብሎ ደግሞ እናት የምትሞላበት መስመር አለ፤ እዚያ ላይ እሷም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ በሙሉ ስሟ ትጻፋለች።