ሞርፊንና ኑዛዜ፦ ለማይቀረው ስንብት መዘጋጀት በሕክምና ታሪክ

ካንሰር በአካሉ የተሰራጨበት ሕመምተኛ ዘመዶች ሐኪሙን ለብቻው አግኝተው «እባክዎ፣ ለእሱ እንዳይነገረው» ብለው ሲማጸኑ ማየት በአገራችን ሆስፒታሎች የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ብዙውን ጊዜ የእኛ ባህል ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል፤ የሕክምና ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1961 ዶናልድ ኦከን የተባለ ሐኪም በቺካጎ 219 ሐኪሞችን ጠይቆ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ 90 በመቶ ያህሉ የካንሰርን ውጤት ለታማሚው አለመንገርን እንደሚመርጡ ገልጸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በዚያው መጽሔት የወጣ ተመሳሳይ ጥናት ግን 97 በመቶው መንገርን እንደሚመርጡ አሳየ። በ18 ዓመት ውስጥ የተገለበጠን ልማድ የማይለወጥ ባህል ነው ማለት ያስቸግራል።

ለለውጡ የካንሰር ሕክምና መሻሻልና የታማሚዎች መብት ንቅናቄ ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም ከቤተሰብ ዝግጅት አንጻር የላቀ ስፍራ የሚሰጠው በለንደን ለተጀመረው ሥራ ነው። ሲስሊ ሶንደርስ በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎም በሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነበረች። በካንሰር ይሞት የነበረውን ዴቪድ ታስማ የተባለ ከፖላንድ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ያወቀችው በዚህ ሥራዋ ላይ ሳለች ነው። ታስማ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሞት፣ ወደፊት ለምታቋቁመው ቤት መስኮት ይሆን ዘንድ 500 ፓውንድ ተናዘዘላት። እሷም ሕክምናን ተምራ እ.ኤ.አ. በ1957 ሐኪም ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። የዘመናዊው ሆስፒስ እንቅስቃሴ የመጀመሪያው ገንዘብ ከአንድ ታማሚ ኑዛዜ መገኘቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሶንደርስ ሥቃይ የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ ጭምር መሆኑን አስተማረች። የሕመም ማስታገሻም ሕመምተኛው ሲጮህ ሳይሆን ሕመሙ ሳይመለስ አስቀድሞ በሰዓቱ እንዲሰጥ አደረገች። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከሥቃይ የተነሣ ከልጆቹ ጋር መነጋገር ያቃተው ሰው ሌላ ዝግጅት ሊያደርግ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያ፣ መድኃኒቱ በአፍ፣ በሰዓቱና በደረጃው እንዲሰጥ ሲል ይህንኑ አሠራር ለዓለም አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያሻሻለው ትርጓሜም ቤተሰቡን በሕመሙ ወቅትና ከሞት በኋላ በሐዘኑ መደገፍን የአገልግሎቱ አካል አደረገ።

በምሥራቅ አፍሪካ ፈር የቀደደችው ዩጋንዳ ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 በዶክተር አን ሜሪማን የተመሠረተው ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳ፣ ከዱቄት በውሃ ተበጥብጦ የሚዘጋጅ ርካሽ ሞርፊን ይዞ ወደ ታማሚዎች ቤት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ደንብም ልዩ ሥልጠና ያገኙ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደ። በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ መመሪያ አወጣ።

ኢትዮጵያዊው ቤተሰብ ለሞት መዘጋጀትን ከሆስፒስ አልተማረም። የንስሐ አባት መጥራት፣ የተጣላን ማስታረቅ፣ ዕዳን መናገርና መናዘዝ የቆየ ሥርዓት ነው። መርዶ እንኳ እንዲሁ በዘፈቀደ አይነገርም፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰባስቦ ይረዳል እንጂ። ባህሉ ክፉ ወሬ የሚነገርበትን መንገድ አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ችግሩ ይህ ሁሉ ዝግጅት የሚጀምረው ታማሚው ሁኔታውን ሲያውቅ መሆኑ ነው። ለቤተሰቡ ብቻ ተነግሮ እሱ ከተደበቀ፣ ዘመድ ለቀብር ይዘጋጃል፤ ሟቹ ግን ሳይዘጋጅ ይሄዳል።

ሕጉም ቢሆን ጊዜ ይጠይቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል እንዲናዘዝ ይፈቅዳል። ነገር ግን በቃል ሊናዘዝ የሚችለው ስለ ቀብሩ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታና አካለ መጠን ስላላደረሱ ልጆቹ ሞግዚትና አሳዳሪ ብቻ ነው። ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም የቃል ኑዛዜው ይፈርሳል። ቤቱን ለሚፈልገው ሰው ለማውረስ የሚሻ ታማሚ በጽሑፍ መናዘዝ አለበት፤ ራሱ በእጁ ካልጻፈው በቀር በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ሊፈረም ይገባል። ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ በሥራው ላይ ሆኖ ሲገኝ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። እነዚህ ሰዎች ወደ አልጋው ሲጠሩ ታማሚው አእምሮው ያልደከመ፣ ሥቃዩም የታገሠለት መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ቀረው?» ተብሎ በኮሪደር የሚጠየቀው ሐኪም የሚሰጠው መልስ፣ ምስክሮቹ ዛሬ ይጠሩ ወይስ በሚቀጥለው ወር የሚለውን ጭምር ይወስናል።