የልብ ምት መለኪያ ሰዓት

የልብ ምት መለኪያ ሰዓት በእጅ አንጓ ላይ ታስሮ ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚያሳይ የስፖርት መሣሪያ ነው። የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ገመድ አልባ መለኪያ ለዘርፉ ፈር ቀዳጅ ነበር፤ የደረት ቀበቶው የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ሰዓቱ ይልካል። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ግን በጀርባቸው ባለ አረንጓዴ ብርሃን ከቆዳ ሥር ያለውን የደም ፍሰት ያነብባሉ።

ይህ ልዩነት ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ጎልቶ ይታያል። በማለዳ ብርድ የእጅ ደም ሥሮች ስለሚጠብቡ የብርሃን ንባብ ይዛባል፤ ለትክክለኛነት የደረት ቀበቶ ይመረጣል። ቀበቶ ከሌለ ሰዓቱ ከአንጓ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ሳይላላ፣ ከሹራብ እጅጌ ሥር ይታሰራል፤ ሰውነት እስኪሞቅም የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም።

የደጋውን አየር ያልለመደ ሯጭ በዝግታ ቢሮጥ እንኳ ምቱ ይፈጥናል። በአንኮበር ዳገት ልፋትን በትክክል የሚናገረው የልብ ምት እንጂ የሩጫ ፍጥነት አይደለም። ከ220 ላይ ዕድሜን የሚቀንሰው የከፍተኛ ምት ቀመር ለ30 ዓመት ሰው 190 ይሰጣል፤ ከእውነተኛው ግን በ10 እና ከዚያ በላይ ሊርቅ ይችላል።