ካርቱም በጠራራ ፀሐይ የጨለመችበት ቀን

ወገኖቼ፣ በተለይ ከካርቱም ተፈናቅላችሁ ዛሬ ካምፓላም ጁባም ገዳሪፍም ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 17 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1952። ረፋዱ 5 ሰዓት አለፍ ሲል ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ጋረደቻት። ጥላው እስከ ኢራንና ከዚያም ወዲያ ቢያልፍም፣ ዋናው መሐሉ ካርቱም ላይ ነበር። 3 ደቂቃ ያህል ቀኑ መሸ።

ያን የዩኒቨርሲቲ ግቢ ታውቁታላችሁ፤ ከጣና የወረደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው፣ ወንዙ ዳር ያለው። ያኔ ሱዳን ነፃ አልወጣችም። በጎርደን ስም የተከፈተው ኮሌጅም ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ጋር ተዋህዶ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተባለ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። እሱም ጥላው ውስጥ ገባ።

ለዚያች 3 ደቂቃ ሲሉ ሳይንቲስቶች ከየአገሩ ካርቱም ገብተው ነበር። ፈረንሳዊው በርናር ሊዮ ሲመለሱ ካይሮ አቅራቢያ ባቡር ውስጥ ልባቸው ቆሞ አረፉ። እኔን የያዙኝ ግን የ72 ዓመቱ ሽማግሌ ዦርዥ ቫን ቢስብሩክ ናቸው። አንደኛው የዓለም ጦርነት አገራቸውን ቤልጂየምን ሲያምሳት፣ ቤተሰባቸውን ይዘው በጦርነት መሐል አቋርጠው አሜሪካ የገቡ ሰው ናቸው። የኛው ቢጤ!

የመጡት አንስታይንን ለመፈተን ነው። አንስታይን የኮከብ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ይታጠፋል ብሎ ነበር። ፀሐይ አጠገብ ያለ ኮከብ ደግሞ ያኔ በግርዶሽ ካልሆነ በፎቶ አይያዝም ነበር። ስለዚህ አንድ ፎቶ በግርዶሹ ሰዓት ይነሣል። ከዚያ ፀሐይ ከዚያ የሰማይ ክፍል እስክትርቅ ወራት ይጠበቅና፣ እነዚያኑ ከዋክብት በሌሊት እንደገና ማንሣት ነው። ሁለቱ ካልተነጻጸሩ የመጀመሪያው ፎቶ ብቻውን ምንም አይናገርም። እንዲህ ተደርጎ የተገኘው ልክ 1.70 አርክሰከንድ ነው፤ አንስታይን 1.75 ብሎ ነበር። አንድ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ እጅ ነው፣ አስቡት።

ይህ የካርቱም ታሪክ ነው፤ እዚያ ስንኖር ግን ማንም አልነገረንም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ ሲፈነዳ ተማሪዎች እዚያው ግቢ ውስጥ ለቀናት ተከበው ቆዩ። ብሔራዊ ሙዚየሙም ተዘረፈ።

የቀረን በሰው አፍ ያለው ነው። በ1944 ልጅ የነበሩ ሱዳናውያን ጎረቤቶች ካሏችሁ፣ ዛሬ 80ን አልፈዋልና ቶሎ ጠይቁልኝ። ዶሮው ጮኸ ወይ? ሰዉ ምን አለ? እናቶች ልጆቻቸውን ቤት አስገቡ ወይ? ድምፃቸውን በስልክ ቅዱና ላኩልኝ፤ ዓረብኛም ቢሆን ግድ የለም፣ እንተረጉመዋለን።