የዱቤ ደብተር ስለማይጽፈው ነገር

ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልባት ጋሸና አለፍ ስትሉ ኮን ከተማን ታገኛላችሁ። እዚያ አንድ ሱቅ ገብታችሁ የ200 ብር ስኳር በዱቤ ወሰዳችሁ እንበል። ባለሱቁ ደብተሩን አውጥቶ ስማችሁንና ብሩን ይጽፋል። ከእናንተ ቀጥሎ የገባው ግን በካሽ ከፍሎ ይወጣል፤ እሱን ማንም አይጽፈውም። ደብተሩ የሚያስታውሰው ያልከፈለውን ብቻ ነው። ባለሱቁ ራሱ ለቤቱ ቡና ያነሳው ስኳርማ ጭራሽ አይነሳም።

ሙሉውን አሠራር አሳትሞ ያሰራጨው ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴና የሒሳብ መምህር ነው። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1494፣ ከተማው ቬኒስ። (እኛ ጋ አፄ እስክንድር የሞቱበት ዓመት መሆኑ ነው።) ፓቾሊ የፈጠረው ነገር የለም፤ ነጋዴዎቹ ሲሠሩበት የቆዩትን ነው የጻፈው። እያንዳንዱ ነገር ሁለት ቦታ ይመዘገባል። የእናንተ ስኳር አንድ ቦታ «ደንበኛ 200 ብር አለበት»፣ ሌላ ቦታ «ሽያጭ 200 ብር» ይባላል። ሁለቱ ድምሮች ካልገጠሙ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው። እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ቶሎ የታወሰኝ ኮምፒውተር ከሚልከው መረጃ ጋር የሚያያይዛት የማረጋገጫ ቁጥር ናት።

ችግሩ፣ ሚዛኑ ስህተትን እንጂ ውሸትን አይዝም። ያልተጻፈ ሽያጭ ሁለቱንም ወገን እኩል ስለሚያጎድል ድምሩ ይገጥማል! ፓቾሊም ይህን ያውቅ ነበር። ለገዢ አንድ፣ ለሻጭ ሌላ መዝገብ የሚያሳዩ ነጋዴዎችን አጥብቆ ይወቅሳል፤ መዝገቡ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለንግድ ሹሞች ቀርቦ ይረጋገጥም ይላል።

የእኛ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነጋዴ ሁሉ መዝገብ ይያዝ ሲል ትናንሾቹን ነፃ አወጣ። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500,000 ብር በታች የሆኑትን ግለሰብ ነጋዴዎች ደረጃ «ሐ» ብሎ በግምት እንዲከፍሉ አደረገ። ደግነት ይመስላል አይደል? በ2009 ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ዞረው የቀን ገቢ ገመቱ። ሐምሌ ላይ ውጤቱ ሲነገር በተለያዩ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ያሉ ነጋዴዎች ብዙ ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ ገማቹ «ዝቅ አድርጎ ነው የሚነግረኝ» ብሎ ከፍ ያደርጋል፤ ነጋዴውም ከፍ እንደሚደረግበት ስለሚያውቅ ዝቅ አድርጎ ይናገራል። እውነቱን የተናገረው ደግሞ በምን ያሳይ? የተጠየቀው ስለ ቀን ሽያጩ ነው፤ እጁ ላይ ያለው ደብተር የባለዕዳዎቹን ስም ብቻ ይዟል።